«ዋጥ አርጋት!»

ከጧቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ከኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ክላክስ አድርጓል። የስድስት ዓመት ልጄ ሳሎን መሀል ወለሉ ላይ ተዘርፍጦ ያለቅሳል፤ አንድ እግሩ ካልሲ አጥልቋል፣ ሌላው ባዶ ነው። ጥፋቱ የካልሲው ስፌት ነው፤ የጣቴን ጫፍ ይቆረቁረኛል ይላል። ገልብጬ አለበስኩት፣ አልሆነም። ሌላ አመጣሁ፣ «ይሄኛው ደግሞ ይሞቃል» አለ። ሾፌሩ ሦስተኛውን ክላክስ ሲደግመው ከአፌ የወጣውን ቃል እኔም ልጁም እኩል ሰማነው፤ «በቃ ዋጥ! ዋጥ አርጋት!»

ዋጣት። እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ፣ የሚቆረቁረውን ካልሲ ራሱ አጠለቀ፣ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ደረጃውን ወረደ። ሰርቪሱ ሄደ፤ እኔም አሸነፍኩ። ቃሏ የእኔ አይደለችም። እናቴ ትለኝ የነበረች ናት፤ እሷም ከእናቷ ነው የወረሰቻት። በአማርኛ ካሉን የልጅ አስተዳደግ ትእዛዞች አጭሯ ሳትሆን አትቀርም። ያን ቀን ቢሮ ተቀምጬ ሲከነክነኝ የዋለው የተዋጠው ነገር የት እንደሚገባ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አለኝ የሚል ትምህርት ካለፉት አርባ ምናምን ዓመታት ወዲህ ዓለምን አዳርሷል። ማይንድፉልነስ ይሉታል። መጻሕፍቱ፣ የስልክ መተግበሪያዎቹ፣ የወላጆች ሥልጠናዎቹ ተቆጥረው አያልቁም። ከነዚህ ውስጥ ለልጅ የሚጠቅመው የቱ ነው፣ ምን ያህልስ ተፈትኗል፣ እኛ ቤት ሲገባስ ምን ይመስላል የሚለውን ላለፉት ወራት ሳነብና ቤቴ ውስጥ ስሞክር ከረምኩ። የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር፤ ልጁን ዐይኑን አስጨፍኖ ማስቀመጡ ብዙም አላሳመነኝም። ወላጁ ራሱ ከመናገሩ በፊት አንድ ትንፋሽ ያህል መቆየቱ ግን አሳምኖኛል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስሙ። ወደ አማርኛ ለማምጣት የሞከሩ ሰዎች «ንቁ አእምሮ» ይላሉ፣ «አስተውሎት» ይላሉ፣ «ጥሞና» የሚሉም አሉ። ለእኔ ከሁሉ የሚቀርበኝ ቀላሉ ነው፤ ልብ ማለት። እናት ልጇን ወደ ሱቅ ስትልክ «መንገዱን ስትሻገር ልብ በል» ትለዋለች። አሁን እዚህ ያለውን፣ ሳይፈርዱበትና ሳይቸኩሉ ማየት ማለት ነው፤ ትምህርቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የቃሉ ሥር ቡድሂዝም ውስጥ «ሳቲ» የሚባለው ነው። በ1881 ሪስ ዴቪድስ የተባለ ብሪታኒያዊ ሊቅ ይህን የፓሊ ቃል «ማይንድፉልነስ» ብሎ ተረጎመው። ሆስፒታል ያስገባው ደግሞ ጆን ካባት ዚን ነው። በ1979 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሥር የሰደደ ሕመም ይዟቸው ከሐኪም ሐኪም የሚንከራተቱ ሰዎችን ሰብስቦ የስምንት ሳምንት ሥልጠና ጀመረ። ሃይማኖቱን ወደ ጎን ትቶ ልምምዱን ብቻ ነው የወሰደው። በ1997 ከባለቤቱ ከማይላ ጋር ስለ ወላጅነት መጽሐፍ አወጡ፤ ነገሩ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ማድ ቤትና ወደ መኝታ ቤት የገባው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ትኩረቱ ወደ ልጆቹ ራሳቸው ዞረ። ሆላንዳዊቷ ኤሊን ስኔል በ2010 ልጆችን እንደ እንቁራሪት ጸጥ ብሎ መቀመጥን የሚያስተምር መጽሐፍ ጻፈች። በ2022 ያረፈው ቬትናማዊው መነኩሴ ቲክ ናት ሃን ለልጆች አራት ጠጠር ይሰጥ ነበር፤ አንዱ አበባ፣ አንዱ ተራራ፣ አንዱ የረጋ ውኃ፣ አንዱ ሰፊ ክፍት ቦታ ነው። ልጁ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ እያነሳ ይተነፍሳል። ደስ የሚል ነገር ነው። ጠጠር ለቅሞ መጫወት የእኛም ልጆች ያውቁበታል። ግን ደስ ማለቱ ብቻ መሥራቱን አያረጋግጥም።

ይህን ከማንም በላይ የፈተኑት እንግሊዞች ናቸው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ቪለም ኩይከን የተመራው «ማይሪያድ» የተባለው ጥናት ከ80 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችንና ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 13 የሆኑ ከ8,000 በላይ ተማሪዎችን አሳተፈ። ገሚሶቹ ትምህርት ቤቶች በሥልጠና በበቁ መምህራን የማይንድፉልነስ ትምህርት ሰጡ፤ ሌሎቹ የተለመደውን የሕይወት ክህሎት ትምህርት ቀጠሉ። በ2022 ውጤቱ ሲታተም ብዙ ሰው ደነገጠ። ልጆቹን ከጭንቀትና ከድብርት በመጠበቅ ረገድ ትምህርቱ ከተለመደው ምንም ብልጫ አላሳየም። አስቀድመው ችግር በነበረባቸው ጥቂት ልጆች ላይ እንዲያውም ነገሩን በመጠኑ ሳያከብደው እንዳልቀረ አጥኚዎቹ ጽፈዋል። አብዛኞቹ ተማሪዎች ቤታቸው ሄደው ልምምዱን አልነኩትም።

እንዴት ይነኩታል? የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሂሳብ ወጥቶ ሳይንስ ሳይገባ፣ መምህሩ «አሁን ትንፋሻችሁን አዳምጡ» ሲለው ምን እንደሚያስብ ለመገመት ጥናት አያስፈልግም። ጓደኛው እየሳቀ መሆኑን ለማየት አንድ ዐይኑን ይገልጣል። ከዚያው ጥናት ወላጅ ይበልጥ ሊያጤነው የሚገባው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ትምህርቱ የሰጣቸውን መምህራን ጠቅሟቸዋል፣ ቢያንስ ለጊዜው የሥራ መሰላቸታቸውን ቀንሶላቸዋል። ልጆቹን ያላረጋጋው ትምህርት አዋቂዎቹን አረጋጋ።

ሚዛኑን ለመጠበቅ፣ በ2019 ዳኒንግ የተባለች አጥኚና ባልደረቦቿ 33 ጥናቶችንና 3,666 ልጆችንና ወጣቶችን አንድ ላይ መዝነው ነበር። ጥቅም አግኝተዋል። ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው፤ ከሌላ ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ጋር ሲወዳደር ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ልጅህን ትንፋሽ አስቆጥረህ የተረጋጋ ሰው ታደርገዋለህ ብሎ ሥልጠና የሚሸጥልህ ሰው ካለ፣ መረጃው ይህን ያህል አይሸከምለትም።

ወደ ወላጁ ስንዞር ግን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። በ2009 ላሪሳ ደንከንና ሁለት ባልደረቦቿ «ልብ ያለ ወላጅነት» ምን ምን እንደሚይዝ አስቀመጡ፤ ልጅን በሙሉ ጆሮ መስማት፣ በራስም በልጁም ላይ አለመፍረድ፣ የሁለቱንም ስሜት ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ ለሁለቱም መራራት። ከአምስቱ ውስጥ ሦስቱ ላይ ወላጁም አብሮ መኖሩን ልብ ይሏል። በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሱዛን ቦገልስ ይህን የስምንት ሳምንት የወላጆች ሥልጠና አድርጋ ወደ ክሊኒክ አስገባችው። የሥራዋ ፍሬ ነገር፣ ወላጅ ሲጨናነቅ አንጎሉ ልጁን እንደ አደጋ ያየዋል የሚል ነው። ያቺን ሰዓት ደግሞ ሁላችንም እናውቃታለን፤ የስድስት ዓመት ሕፃን ካልሲ ይዞ ሲያለቅስ ጅብ የገባብን ይመስል ደማችን ይፈላል።

ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን ከነዚህ ያነሰ ጥናት ነው። በ2006 ኒርባይ ሲንግና ባልደረቦቹ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ያሏቸውን 3 እናቶች አሠለጠኑ። ልጆቹን ማንም ምንም አላስተማራቸውም። እናቶቹ ልምምዱን ሲቀጥሉ የልጆቹ መማታትና ራስን መጉዳት እየቀነሰ መጣ። ሦስት እናት ብሎ ጥናት ይኖራል እንዴ የሚል ይኖራል፤ ትክክል ነው፣ ሦስት እናት አገር አትወክልም። በ2019 ግን ቡርግዶርፍ የተባለች አጥኚና ባልደረቦቿ በወላጆች ላይ የተደረጉ 25 ጥናቶችን ሲያጠቃልሉ አቅጣጫው ያው ሆኖ ተገኘ፤ የወላጁ ውጥረት ቀነሰ፣ የልጁም ሁኔታ በትንሹ ተሻሻለ። በትንሹ ማለቴን አደራ፤ ተአምር አይደለም።

የእኔ እናት ይህን ስነግራት ሳቀች። «እኛ እናንተን ስናሳድግ ትንፋሽ ስንቆጥር ነበር እንዴ? ደግሞስ ምን ጎደላችሁ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እሷ ግን ይህን ብላ ሳትጨርስ የእህቴ ሕፃን ሲያለቅስ ተነሳች፣ በነጠላ አዘለችው፣ እየተወዛወዘች ቆመች። ከኛ ጋር የጀመረችውን ወሬ አቋርጣ ለእሱ ብቻ ታንጎራጉራለች። የማለቀሱ ምክንያት ረሃብ እንዳልሆነ፣ እንቅልፍ እንደሆነ፣ ከለቅሶው ቃና ለይታዋለች።

ይህች ዓይነት ሴት መጀመሪያ በሳይንስ መዝገብ የሰፈረችው ከእኛ ብዙ ሳትርቅ ነው። የሥነ ልቦና ሊቋ ሜሪ አይንስዎርዝ በ1954 ወደ ኡጋንዳ ሄዳ በካምፓላ ዙሪያ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ቤት ለቤት እየሄደች አጠናች፤ መጽሐፉ በ1967 ወጣ። በእናታቸው የሚተማመኑት ሕፃናት እናቶች አንድ የሚጋሩት ነገር ነበር፤ ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ ጥቃቅኑን ሁሉ አንድ በአንድ ይናገራሉ፤ ምን እንደሚያስቀው፣ ለማን እንደሚያለቅስ፣ እንዴት እንደሚተኛ። ልብ ብለው ያዩ እናቶች ናቸው። ዛሬ በአሜሪካ ውድ ክፍያ ተከፍሎበት የሚሰጠው ሥልጠና ወላጆችን ወደዚያ መንደር ለመመለስ የሚሞክር ይመስለኛል።

ይህን ስል ግን የድሮው ሁሉ ወርቅ ነበር ማለቴ አይደለም። ያቺው እናቴ ናት «ዋጥ» የምትለኝ የነበረችው። በጨቅላነታችን የምንታዘለውንና የሚንጎራጎርልንን ያህል፣ አፋችንን ስንፈታ «አያ ጅቦ መጣልህ» ይመጣል፣ ቁንጥጫና ኩርኩም ይከተላል፣ በአንዳንድ ቤት በርበሬ ይታጠናል። ወንድ ከሆንክማ አታለቅስም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ይጠብቃቸዋል፤ ስለ ቤት ግን የሚለው የለም። የወንጀል ሕጉም ልጅን ማንገላታት እየከለከለ ለአስተዳደግ የሚደረግን ሕጋዊ የእርምት እርምጃ ሳይነካው ያልፋል። ሳሎናችን ውስጥ የሚሆነው የሚዳኘው በእኛው በራሳችን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አባቶች የሚያነሱትን ሥጋት እረዳለሁ። ልብ ማለት ልጅን መልቀቅ፣ መረን ማሳደግ ይመስላቸዋል። አይደለም። የሥነ ልቦና ሊቁ ጆን ጎትማን በ1997 ስለ ልጆች ስሜት በጻፈው መጽሐፍ መስመሩን በደንብ አስምሯል፤ ስሜት ሁሉ ይፈቀዳል፣ ድርጊት ሁሉ ግን አይፈቀድም። ወንድምህ መኪናህን ስለወሰደ ብትናደድ ልክ ነህ፤ ልትነክሰው ግን አትችልም። ሁለተኛውን በደንብ እንናገራለን። የጎደለን የመጀመሪያው ነው።

ለመጀመሪያው ደግሞ ቃል ያስፈልጋል። በ2007 በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ ሰዎችን የአንጎል መቅረጫ ውስጥ አስገብተው የተቆጡና የፈሩ ፊቶችን አሳዩአቸው። ተመልካቾቹ ላዩት ስሜት ስም ሲሰጡ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል፣ የማስጠንቀቂያው ደወል፣ ረገብ አለ። የተጠኑት አዋቂዎች ናቸው፤ ቢሆንም ከልጅ ጋር የዋለ ሰው ነገሩን በዐይኑ አይቶታል። «ጨለማውን ፈራኸው አይደል?» የተባለ ልጅ ትከሻው ሲወርድ ይታያል።

አማርኛ ለዚህ ድሃ አይደለም። ከፋው፣ ሆድ ባሰው፣ ሆዱ ባባ፣ ቅር አለው፣ አኮረፈ፣ በገነ፣ አንጀቱ አረረ፣ ልቡ ራደ፣ ሰጋ፣ አፈረ፣ ቀና፣ ናፈቀው። «ሆድ ባሰው» እና «ከፋው» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ውስጥ የራስ ብቸኝነት አለበት። ኩርፊያንም ከቁጣ የሚለየን አይጠፋም፤ የተቆጣ ሰው ይጮሃል፣ ያኮረፈ ሰው ይጠብቃል። ችግራችን ይህን ሀብት ለጎረቤት ወሬ እያወጣን ለልጅ መንፈጋችን ነው። ለልጅ ያለን ሁለት ቃል ነው፤ «አታልቅስ» እና «ጎበዝ»። ውጭ አገር ያሉ ወላጆች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ልጃቸው የስሜት ቃላቱን ከትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ተምሮ ይመጣል፤ እነሱ በአማርኛ «ምን ሆንክ?» ይላሉ፤ ልጁ የሆነውን የሚናገርበት አማርኛ ማንም አልሰጠውም።

ሆድ የሚባለውን ነገር ጥቂት ልቆይበት። የእኛ ስሜት የሚኖረው ሆድ ውስጥ ነው። ምስጢር በሆድ ይያዛል፤ የማይነገር ነገር ሲገጥም «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። ልጆችም ይህን ሳያውቁት ይወርሳሉ። ሰኞ ሰኞ ጧት ሆዱን የሚያመው፣ ቅዳሜ የሚድንለት ልጅ የሌለበት ቤት ስንቱ ነው? በአንድ ማክሰኞ ማታ እንዲህ ሆነ፦

«ማሚ፣ ሆዴን አመመኝ።»

«የት ጋ ነው የኔ ጌታ?»

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እዚህ።»

ደረት ሆድ አይደለም ልለው ነበር፤ ተውኩት። ትንሽ ቆየሁና «ፈርተህ ነው?» አልኩት።

«አይ። አፍሬ ነው።»

ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያነብ «ጸ» ን «ጰ» ብሎ አንብቦ፣ ልጆቹ ስቀውበታል። እኔ የሰጠሁት ስም ልክ አልነበረም፤ ልኩን ራሱ አገኘው። ደስ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። የወላጅ ሥራ ስሜቱን በትክክል መገመት አይደለም፤ ልጁ እስኪያርመን ድረስ መቆየት ነው። እውነቱን ለመናገር የቆየሁት ሃያ ሰከንድ አይሞላም። ግን በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ «ብላና ይተውሃል» ብዬው ነበር።

ወደ ትንፋሹ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጥበቡ ቀላል ነው። ስናስገባ ልብ ምቱን ያፈጥናል፣ ስናስወጣ ያዘገያል። ቫገስ የሚባለው ነርቭ ነው ይህን የሚሠራው። ስለዚህ ከማስገባት ማስወጣቱ ሲረዝም ሰውነት ይረጋጋል። ለሕፃን ይህን ማስተማር ጣጣ የለውም፤ አስቀድሞ ያውቀዋል። «ሻዩ ትኩስ ነው፣ እፍ በልበት» ስንለው አድጓል። እፍ ማለት የረዘመ ማስወጣት ነው። ከ«ዋጥ» ወደ «እፍ» መሄድ ብንችል ግማሹን መንገድ ሄድን ማለት ነው።

አንድ ስህተት ግን ሁላችንም እንሠራለን፤ እኔም ሠርቻለሁ። ልጁ ወለል ላይ ተንፈራፍሮ እየጮኸ «እፍ በል!» እንለዋለን፣ ያውም እየጮህን። አይሠራም። ስሜትን የሚገራው የአንጎል የፊት ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ገና ይበስላል፤ በስድስት ዓመት ልጅ ላይ በንዴት ሰዓት የለም ቢባል ይቀላል። ልምምዱ የሚሠራው ደህና በሆነ ሰዓት ነው። እኛ ቤት ማታ ማታ በጀርባው ተኝቶ የፕላስቲክ አይሱዙውን ሆዱ ላይ እናስቀምጣለን። ሲተነፍስ አይሱዙው ዳገት ይወጣል፣ ቁልቁለት ይወርዳል። በመጀመሪያው ማታ ስቆ መኪናዋን ገደል ከተታት። በሦስተኛው ቀን ራሱ ጠየቀኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሰለቸውና ተወው። አሁንም አንዳንድ ማታ ይመለስበታል፤ ሳይመለስበት ሲቀር ዝም እለዋለሁ። የቤት ሥራ የሆነ ዕለት አለቀለት።

በካልሲው ጧት የሚያስፈልገው የእሱ ሳይሆን የእኔ ትንፋሽ ነው። በሩን ከመክፈቴ በፊት፣ ቃሉ ከአፌ ከመውጣቱ በፊት አንድ እፍ። ብዙ ጊዜ እረሳዋለሁ። ስረሳ ደግሞ ማታ ተመልሼ «ጧት ጮህኩብህ፣ ይቅርታ» እላለሁ። አባቶቻችን ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ውርደት ይመስላቸው ነበር። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤድዋርድ ትሮኒክ ግን በ1970ዎቹ ባደረገው ሙከራ፣ ከሕፃኗ ጋር እየተጫወተች የነበረች እናት ድንገት ፊቷን እንደ ድንጋይ እንድታደርቅ ይደረጋል። ሕፃኑ ይስቃል፣ ይጠቁማል፣ ይጮኻል፣ መልስ ሲያጣ ፊቱን ያዞራል። እናቲቱ ስትመለስ ሕፃኑም ይመለሳል። ትሮኒክ በኋላ ደጋግሞ ያሰመረበትም ይኸው መመለሱ ነው። ጤነኛ እናትና ልጅ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይገጣጠሙም፤ ይተላለፋሉ፣ መልሰው ይገናኛሉ።

የደረቀው ፊት ዛሬ ከስልክ ጀርባ ነው። በ2014 ጄኒ ራደስኪና ባልደረቦቿ በቦስተን ፈጣን ምግብ ቤቶች ከልጅ ጋር የተቀመጡ 55 አሳዳጊዎችን ተመለከቱ፤ 40ዎቹ ስልክ ሲነካኩ ነበር። ቦሌ ያለ ካፌ ቁጭ ብለን ብንቆጥር ምን ልናገኝ እንደምንችል መገመት አያቅትም። ለዚህ የቡና ሥርዓታችንን እንደ መድኃኒት የሚያነሱ አሉ። እኔ ግን የማስታውሰው ቡና ሲፈላ «ልጆች ውጡና ተጫወቱ» መባላችንን ነው።

ስለ ስልክ ስናወራ ግን ሌላ እናት ትዝ ትለኛለች። ቤይሩት ወይም ሪያድ የሰው ልጅ የምታሳድግ፣ የራሷን ልጅ ለእናቷ ትታ የሄደች። ለእሷ ስልኩ ያላት ብቸኛ መንገድ ነው። ማታ ጌቶቿ ሲተኙ በኢሞ ትደውላለች። ልጁ ሦስት ደቂቃ ያወራና ወደ ጨዋታው ይሮጣል፤ እሷም የላከችው ብር መድረሱንና ትምህርቱን ጠይቃ ትዘጋለች። ከእንዲህ ዓይነት እናት አንዷ የነገረችኝን አልረሳውም፤ «ውጤቱን መጠየቅ ትቼ ዛሬ ምን እንደበላ፣ ከማን ጋር እንደተጣላ መጠየቅ ስጀምር አይሮጥም» አለችኝ። አይንስዎርዝ በመንደሮቹ ያየቻቸው እናቶች እንዲህ ነበሩ።

ሃይማኖት ሳይነሳ ይህ ጉዳይ አያልቅም። ከቡድሂዝም መጣ የተባለን ነገር ልጄ ላይ ማየት አልፈልግም የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ሥጋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካዋ አላባማ ግዛት በ1993 ዮጋን ከሕዝብ ትምህርት ቤቶች አግዳ በ2021 ነው ያላላችው፤ ያም ሆኖ «ናማስቴ» የሚለው ሰላምታ እንደተከለከለ ቀረ። ለእኔ ነገሩ እንዲህ ነው። ጽሞና ለኦርቶዶክሱም ለጴንጤውም እንግዳ ቃል አይደለም፤ ሙስሊሙም በሶላት ውስጥ ልብን መሰብሰብን ኹሹዕ ብሎ ያውቀዋል። ልጁ ከመተኛቱ በፊት አብሮት የሚጸልይ ወላጅ፣ ሳይቸኩል ከጸለየ፣ የሚያስፈልገውን ጸጥታ አግኝቷል። ጠጠሩም እንቁራሪቱም ይቅርበት። ሁለቱን ማምታታት ግን ደግ አይደለም። ጸሎት ከፈጣሪ ጋር ነው፤ ልብ ማለት ደግሞ ከፊታችን ከተቀመጠው ልጅ ጋር።

ገደቡንም መናገር አለብኝ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረውና ሁለት ዓመት የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም በኋላ በየአካባቢው የቀጠለው ግጭት፣ ብዙ ልጆችን ሊያዩት የማይገባ ነገር አሳይቷቸዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ዐይንህን ጨፍን፣ ውስጥህን አዳምጥ» ማለት ያየውን መልሶ ፊቱ ላይ ማምጣት ሊሆን ይችላል። በ2017 ሊንዳልና ብሪተን የተባሉ አጥኚዎች ያነጋገሯቸው አዋቂ ተመሳጮች እንኳ ልምምዱ ፍርሃትና ጭንቀት ያስነሳባቸው ነበሩ። ለተጎዳ ልጅ ዐይን ተገልጦ፣ እግር መሬት ነክቶ፣ እጅ ተይዞ ይሻላል። እንቅልፍ ያጣ፣ መብላት ያቆመ፣ ራሱን የሚጎዳ፣ ከሳምንታት በኋላም ያልተሻለው ልጅ ደግሞ ትንፋሽ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

ድህነቱም አለ። ሮናልድ ፐርሰር የተባለ ጸሐፊ በ2019 ባወጣው መጽሐፍ የማይንድፉልነስን ንግድ ክፉኛ ተችቶታል፤ ኑሮው ሰውን እያስጨነቀ፣ መፍትሔው አንተው ተረጋጋ መባሉ ነው ያናደደው። ልክ ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ እንጀራ ጋግራ ሸጣ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቃ ሁለት ሰዓት ማታ የምትገባ እናት ለምን አልታገሥሽም ብትባል ስድብ ነው። ልጅ ላይ የምንጮኸው ብዙውን ጊዜ በልጁ ምክንያት አይደለም፤ በኪራይ፣ በዘይት ዋጋ፣ በአለቃችን ምክንያት ነው። ይህን ማወቅ ራሱ ጩኸቱን ትንሽ ዝቅ ሲያደርገው አይቻለሁ። ኪራዩን ግን አይከፍልም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። እነዚህ ጥናቶች «ወላጅ» ሲሉ ከልጁ ጋር የሚውለውን ሰው ያሰቡ ይመስለኛል። በከተማ በብዙ ቤት ይህ ሰው እኔ አይደለሁም። ሞግዚቷ ናት፤ አያቱ ናቸው፤ ከገጠር የመጣች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ራሷ «ዋጥ» እየተባለች ያደገች፣ ስታለቅስም ማንም ያልጠየቃት። ልጄ ከሰርቪስ ሲወርድ የሚያገኛት እሷን ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጮኽባት የሚውል ቤት ውስጥ ሆና ልጁን በእርጋታ እንድትይዝልን እንጠብቃለን።

ስለዚህ የወላጆች ቀን ለምታዘጋጁ ትምህርት ቤቶች፣ የወላጅነት ሥልጠና ለምትሰጡ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አንድ ልመና አለኝ። ስብሰባውን በሥራ ቀን ጧት ሦስት ሰዓት አትጥሩት፤ ቅዳሜ ከሰዓት አድርጉት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ አድርጉት። መጥሪያው ላይም «ወላጅ» ብላችሁ አትቁሙ፤ «ልጁን የምትይዘው ሠራተኛ ወይም አያት አብረው ይምጡ» የሚል መስመር ጨምሩ፤ ለመጡትም እንደ ሌላው ሰው ወንበር ስጧቸው።